ቅዱስ የሚለው ስም
(ከሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀብር በኋላ ለተነሣ ጥያቄ የተሰጠ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በ2017 ዓመተ ምሕረት የጌታችን የትንሣኤ በዓል ለእኛም ለምዕራባውያንም በአንድ ቀን ዋለ። በማግሥቱ፥ እኛ ማዕዶት በምንለው ሰኞ፥ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዐረፉ። ቅዱሳት አንስት በሚታሰቡበት ቅዳሜ፥ ሚያዝያ 18 ቀን፥ ብዙዎቻችን የቀብራቸውን ሥርዓት በቴሌቪዥን ተመለከትን። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «በሕይወት ሳሉ ቅዱስ አባታችን ሲሏቸው እሰማ ነበር። እንግዲህ እኔ ነፍስ ይማር ልበል፥ ወይስ አማልዱኝ ልበል?» በአጠገባቸው የነበረ ወጣት ግን «የእኛ ሰው አይደሉም፤ ምን አገባን!» ብሎ ጥያቄያቸውን ሊያስቀር ወደደ። እኛ ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው ሆኖ አገኘነው። ስለ ሌላው ቀብር የተጠየቀው ነገር ስለ ራሳችን ሙታን ያለንን አሳብ ይመረምራልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ቅዱስ የሚለው ቃል በሁለት ወገን እንደሚነገር እንወቅ። አንደኛው የሹመት ክብር ነው። እኛም ጳጳሳችንን ብፁዕ፥ ፓትርያርካችንን ብፁዕ ወቅዱስ እንላለን። ይህን ስንል ስለ መዓርጉና ስለ አደራው ቅድስና እንናገራለን እንጂ፥ ሰውዬው ሩጫውን ፈጽሞ አክሊሉን ተቀበለ ብለን መፍረዳችን አይደለም። ሁለተኛው ግን በገድል፥ በትሩፋትና በሰማዕትነት እግዚአብሔርን ደስ ላሰኙት፥ ቤተ ክርስቲያንም ለመሰከረችላቸው የሚሰጠው ስም ነው። እኒያ እናት የተቸገሩት ሁለቱ ስሞች በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ነው።

አሁን ወደ ቀብሩ ሥርዓት እንመለስ። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያየነው ሣጥን ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ በላዩም ወንጌል ተዘርግቶ ነበር። ነገሥታትና መሪዎች በዙሪያው ቆመው ሳለ፥ የተሰማው ጸሎት ለሟቹ ምሕረትን የሚለምን ጸሎት ነበር። የቅዱሳን ስም በየተራ እየተጠራ፥ ስለ እርሳቸው እንዲያማልዱ ይለመኑ ነበር። ከዚያም አስከሬናቸው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ወደምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ፥ ስማቸው ብቻ በተጻፈበት መቃብር ዐረፈ። እንግዲህ ቅዱስ አባታችን የሚሏቸው ልጆቻቸው እንኳ በዚያ ቀን «አማልዱን» አላሏቸውም፤ «ማራቸው» ብለው ጸለዩላቸው እንጂ። ይህም ለጥያቄው ግማሽ መልስ ነው።

ሮማውያን አንድን ሰው ቅዱስ ለማለት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጥንት ጊዜ የየሀገሩ ሕዝብና ጳጳስ ሰማዕታቱን ያከብር ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ወደ ሮማው መንበር ተሰበሰበ፤ በ1588 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ። ዛሬ ሰው ከሞተ በኋላ ምርመራው እስኪጀመር ድረስ አምስት ዓመት መቆየት ይገባል። ምርመራው ሲጀመር የእግዚአብሔር አገልጋይ፥ ምግባሩ ሲረጋገጥ ክቡር፥ በጸሎቱ አንድ ተአምር መደረጉ ሲታመን ብፁዕ፥ ሁለተኛ ተአምር ሲጨመር ቅዱስ ይባላል። ተአምር የተባለውን ፈውስ ሐኪሞች አስቀድመው ይመረምሩታል። ስለ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰ ሰማዕት ግን ብፁዕ ለመባል ተአምር አይጠየቅበትም።

ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2005 ዓ.ም. በተቀበሩበት ቀን ሕዝቡ «ሳንቶ ሱቢቶ!» እያለ ጮኸ፤ ፈጥነው ቅዱስ ይባሉ ማለት ነው። ተከታያቸውም አምስቱን ዓመት አስቀሩላቸው። ይሁን እንጂ ምርመራው አልቀረም። እርሳቸው በታመሙበት በፓርኪንሰን በሽታ የምትሠቃይ አንዲት ፈረንሳዊት መነኵሲት ስለ ተፈወሰችው ነገር ብዙ ተመርምሮ፥ በ2011 ብፁዕ፥ በ2014 ቅዱስ ተባሉ። የሕዝቡ ጩኸት ከተሰማ እስከዚያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደዚህ በደረጃ የተከፈለ ሥርዓት የለም። የቅዱሱ ገድል ይጻፋል፤ ስሙ በስንክሳር ይነበባል፤ ታቦት በስሙ ይቀረጻል፤ ምእመናንም ዝክሩን ይዘክራሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በወሩ በ24፥ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በ5 የማያስብ ማን ነው? ይህን ሁሉ የምትጠብቀውና የምታጸናው ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ሲኖዶሷ ናት። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስን አትፈጥርም፤ እግዚአብሔር የቀደሰውን ታውቃለች፥ ትመሰክራለችም።

በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት እኛና ሮማ ተለያየን፤ መለያየቱም እስከ ዛሬ አለ። ሆኖም ከዚያ በኋላ የነገሠው የናግራን ክርስቲያኖች ረዳት ንጉሣችን ካሌብ በሮማውያን የሰማዕታትና የቅዱሳን መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳርቻ 20 ግብጻውያንና አንድ የጋና ሰው ስለ ክርስቶስ ታረዱ። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ወር ከሰማዕታት ቈጠረቻቸው። በ2023 ደግሞ ፍራንቸስኮስ በሮማው መጽሐፍ እንዲጻፉ አደረጉ። የእኛም ወንድሞች በዚያችው አገር በዚያው ዓመት ሲገደሉ፥ እኒሁ ሰው ለፓትርያርካችን ለአቡነ ማትያስ የሐዘን መልእክት ላኩ። እንግዲህ ወንድማችን ወጣት ሆይ! ሐዘናችን ያገባቸውን ሰው ሞታቸው አያገባንም ማለት ይገባናልን?

ለእናታችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የምናማልደው ስማቸውን ከቤተ ክርስቲያናችን የተቀበልነውን ቅዱሳን ነው፤ ስለዚህ «አማልዱኝ» አይበሉ። ነገር ግን «ነፍስ ይማር» ማለትን አይተዉ፤ በሌላው አገልጋይ ላይ መፍረድ የጌታው ነውና።

ይህም ነገር ወደ ቤታችን ይመለስብናል። ዘመዳችን ሲሞት በልቅሶው ቤት «እርሱማ ጻድቅ ነበር፤ በቀጥታ ገነት ገብቷል» እንላለን። ንግግሩ ለሐዘንተኛው መጽናኛ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሟቹን ከጸሎት ያራቁተዋል። ጻድቅ ካልነው በኋላ ማን ይጸልይለታል? ፍትሐቱን ማን በዕንባ ይከታተላል? በአርባ ቀኑ ድሀውን ማን ያበላለታል? እንደዚሁም በሕይወት ያለውን አጥማቂ ወይም ሰባኪ ቅዱስ እያሉ የሚከተሉ፥ ሩጫውን ሳይጨርስ አክሊል ይደፉለታል፤ እርሱም ይህን ሰምቶ ቢታበይ፥ የውድቀቱ ተካፋዮች ይሆናሉ።

ስለዚህ ምእመናን፥ ለሞተው ውዳሴን ሳይሆን ጸሎትን እናብዛ፤ በሕይወት ላለው ደግሞ ፍጻሜው እንዲያምር እንለምን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ የነበሩትን ምእመናን ሁሉ ለቅድስና የተጠሩ ናቸው ብሎ ጽፎላቸዋልና፥ ይህ ጥሪ የጳጳሳት ብቻ አይደለም። የእያንዳንዳችን ሣጥን በሚወጣበት ቀን ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው አንድ ቃል ነው፤ አቤቱ ማረን።

የቅዱሳን አምላክ የሁላችንንም ፍጻሜ ያሳምርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።