በግድብ ውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳትና ስለ ጤናችን

ውኃ ጠርቶ ሲታይ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን የሁላችንም ልማድ ነው። ነገር ግን ከኩሬ ወይም ከግድብ የተቀዳውን ውኃ በብርጭቆ አድርገን ወደ ብርሃን ብናቀርበውና ጥቂት ታግሠን ብንመለከተው፥ እንደ ነጭ ነቁጥ ሆነው ወዲያና ወዲህ የሚዘሉ ነገሮችን ብዙ ጊዜ እናያለን። እነዚህ ትቢያ አይደሉም፤ የሚበሉ፥ የሚዋለዱና የሚሞቱ እንስሳት ናቸው። ሊቃውንት እነዚህን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ዙፕላንክተን ይሏቸዋል። ስለ እነርሱ የምንጽፈው ለዕውቀት ያህል ብቻ ሳይሆን የምንጠጣውን ውኃ የሚመለከት ነገር ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። በባሕር ማዶ ትምህርታችንን ፈጽመን በተመለስን ጊዜ፥ በአንድ ግድብ አጠገብ ወዳለች መንደር ስለ ንጽሕና ለማስተማር ሄደን ነበር። አንዲት ባልቴት የእንስራቸውን አፍ በታጠፈ አሮጌ ነጠላ ሸፍነው ውኃ ሲያጠልሉ አገኘናቸው። እኛም «እማማ፥ ጨርቅ ተሕዋስያንን አያስቀርም፤ ውኃውን ማፍላት ይገባዎታል» አልናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው «ልጄ፥ እኔስ አልቅቱን ብዬ ነው፤ እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። ለማፍላቱ ማገዶውን ከየት ላምጣው?» ሲሉ መለሱልን። እኛ ግን ነገራቸውን ከቁም ነገር ሳንቈጥር አልፈን ሄድን። ስሕተታችንን የተረዳነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ምክንያቱንም ወደ ታች እንገልጻለን።

በግድብ ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ዙፕላንክተኖች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሮቲፈር ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሱ ሲሆኑ፥ በአፋቸው ዙሪያ ያለው ጠጕር ሲንቀሳቀስ የሚሽከረከር መንኰራኵር ይመስላል። ሁለተኛው ወገን እንደ ዳፍኒያ ያሉትን የያዘ ነው፤ የዳፍኒያ ገላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የልቡ ምት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሦስተኛው ወገን ኮፔፖድ ይባላል፤ ከእነዚህም አንዱ ሳይክሎፕስ ነው። ዓይኑ አንድ ብቻ ስለ ሆነች፥ በግሪኮች ተረት በሚነገርለት ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ሰው ስም ተጠርቷል።

የእነዚህ ፍጥረታት ዓይነት መብዛት ለግድቡ ትልቅ ጥቅም አለው። ዳፍኒያ ውኃውን እንደ ወንፊት እያጠለለ አረንጓዴውን አልጌ ይመገባል፤ እርሱም በተራው ለዓሣ ጫጩት ምግብ ይሆናል። ከወገኖቹ አንዱ ሲጐድል ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለዚህም ብሩክስና ዶድሰን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት ጥናት ምስክር ነው። በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት ያለውን ክሪስታል ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1964 የተሰበሰበውን ናሙና አስተያይተው ሲመረምሩ፥ በመካከሉ ዙፕላንክተን የሚበላ ዓሣ ወደ ሐይቁ በመግባቱ ትልልቆቹ ጠፍተው ትንንሾቹ ብቻ በዝተው አገኟቸው። ትልልቆቹ በጠፉበት ውኃ አልጌን በሚገባ የሚያጠልል ይቀንሳል።

በአገራችን ግድቦች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም አፈር ነው። ዛፉ ከተመነጠረና ከተራቈተ ተራራ ዝናብ ጠርጎ የሚያወርደው ደለል ውኃውን ሲያደፈርሰው፥ የሸክላው አፈር ከምግቡ ጋር ተደባልቆ ወደ ዳፍኒያ ስለሚገባ ዳፍኒያ ይራባል፤ ምግቡን መርጦ መያዝ የሚችለው ሮቲፈር ግን በቦታው ይበዛል። እንግዲህ በተራራው ላይ የተቈረጠው ዛፍ በግድቡ ውስጥ ያለውን ኑሮ ይለውጣል ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ቈሻሻ ውኃውን ሲያሰቡት፥ ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ ይራባና ውኃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ይህ ፍጥረት እየተጣበቀ ስለሚከማች ለዳፍኒያ አይመቸውም፤ ከዓይነቱም ብዙው መርዝ ያወጣል። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው በቆቃ ግድብ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስና መርዙ መኖራቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ልብ በሉ፤ ይህ መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ሲሆን በማፍላት አይጠፋም፤ ጨርቅም አያስቀረውም።

አሁን ወደ ባልቴቲቱ ነጠላ እንመለስ። የሩሲያው ሊቅ ፌድቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1870 እንዳስረዳው፥ የጊኒ ትል እጭ የሚያድገው በሳይክሎፕስ ሆድ ውስጥ ነው። ሰው ሳይክሎፕሱን ከውኃ ጋር ሲጠጣ ትሉ በገላው ውስጥ አድጎ፥ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ 1 ሜትር ረዝሞ ብዙ ጊዜ በእግሩ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይያዙ እንደ ነበር ተገምቷል፤ ከ2021 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ግን የተመዘገቡት በየዓመቱ ከ20 በታች ናቸው። ይህም የሆነው በመድኃኒት ወይም በክትባት አይደለም፤ ውኃን በጨርቅ በማጥለል፥ በሽተኛው ወደ ኩሬ እንዳይገባ በመከልከልና በመሳሰለው ጥንቃቄ ነው። በአገራችን በጋምቤላ ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ጭምር ስለ ታየ ጥበቃው ገና ሊላላ አይገባም።

የኮሌራ ተሕዋስም በኮፔፖድ ገላ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ በባንግላዴሽ በ65 መንደሮች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፥ ሴቶች አሮጌ ሳሪ ቢያንስ አራት ጊዜ አጥፈው ውኃቸውን ሲያጠልሉ ኮሌራ በግማሽ ያህል ቀነሰ። አሮጌው ጨርቅ ክሩ ስለሚሳሳና ስለሚቦጫጨር ከአዲሱ ይልቅ ይሻላል። እንግዲህ ባልቴቲቱ ስለ አልቅት ብለው ያደረጉት ነገር ከኛ ምክር በላይ እጃቸው ላይ ያለ ጥበብ ነበረ፤ እኛ ልንነቅፋቸው ሳይሆን በላዩ ልንጨምርበት ይገባን ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። አንደኛ፥ የግድብ ወይም የኩሬ ውኃ ከመጠጣት በስተቀር ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው፥ አጥፎ ባጠበው ጨርቅ ያጥልለው፤ ጨርቁን ሁልጊዜ በአንድ ገጽ ይጠቀምበት፤ ከዚያም ማገዶ ያለው ያፍላው፥ የሌለው በታዘዘው መጠን የውኃ መድኃኒት ይጨምርበት። መድኃኒቱ በደፈረሰ ውኃ ላይ ኀይሉ ስለሚደክም ማጥለሉ ይቀድማል። ሁለተኛ፥ አረንጓዴ አረፋ የያዘውን ውኃ፥ ቢፈላም እንኳ፥ ሰውም ከብትም አይጠጣው። ሦስተኛ፥ የግድቡን ዳርቻ ከእዳሪና ከልብስ እጥበት እንጠብቅ፤ በተራራውም ላይ ዛፍ እንትከል።

መምህራን ሆይ፤ በገመድ የታሰረ ነጭ ሳሕን ወደ ውኃው እያወረዳችሁ፥ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ከተማሪዎቻችሁ ጋር በየወሩ መዝግቡ፤ አንጀሎ ሴኪ የተባለው ጣሊያናዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1865 የባሕርን ጥራት የለካው በዚህ ዓይነት ነው። በብርጭቆ ውስጥ ያሉትንም ሕፃናቱ ራሳቸው ይዩአቸው። ሲዘል ያዩትን ውኃ ሳያጠልል የሚጠጣ ልጅ አይኖርም፤ ያየውንም ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ይነግራል።