ስለ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች መትከያ መኪና ለአስመጪዎች የቀረበ መግለጫ

በአምበር ሱቆች የሚሸጠው የእጅ ስልክ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ክፍሎች የተተከሉበት ሰሌዳ በውስጡ አለው። ክፍሎቹን የሚተክለው መኪና በቀጭን አፍንጫ አየር እየሳበ አንድ በአንድ ያነሣና በየቦታቸው ያኖራቸዋል።

ይህን መኪና ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ተመልክቶ ውል ቢፈርም ይጎዳል። ክፍሎቹን ከጥቅል እየፈታ የሚያቀርበው መጋቢ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ነው፤ አርባ ዓይነት ክፍል ያለበት ሰሌዳም አርባ ያህል መጋቢ ይጠይቃል።

ለደጋ አገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። መሳቢያው የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በአዲስ አበባ ይህ ግፊት በባሕር ዳር አገሮች ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፥ የአፍንጫው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው የሚተከልበትን ከፍታ ለፋብሪካው አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ጉልበቱ ይብሱን ይደክምና መኪናው ክፍሎቹን በየመንገዱ ይጥላል፤ ሠራተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ይወቅሳል!

መለዋወጫ አፍንጫና ማጣሪያ ከመኪናው ጋር በአንድ ፋክቱር ይታዘዙ፤ በኋላ ለብቻቸው ለማስመጣት እንደገና የውጭ ምንዛሪ መጠየቅ ያስፈልጋልና።