ጥቂት የተነዳ መኪና እና ወለል ላይ የሚቀር የፍሪሲዮን ፔዳል

አንድ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠየቀው የተነዳበት ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ እንደሆነም ገዥው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ገና አዲስ እንደሆኑ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ግምት ለፍሪሲዮን ሸራ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በሰበቃ ወደ ካምቢዮ ለሚያስተላልፈው ክብ ሰሌዳ፣ በመጠኑም ቢሆን ይሠራል፤ ሸራው የሚያልቀው በመነዳት ነውና ዕድሜው በኪሎ ሜትር ሊገመት ይችላል። ፔዳሉን ከሸራው ጋር የሚያገናኙት የጎማ ክፍሎች፣ ፈሳሹ፣ ግራሶውና ገመዱ ግን መኪናው ቆሞም ቢሆን ያረጃሉ፤ አንዳንዶቹማ ከሚነዳ መኪና ይልቅ በቆመ መኪና ላይ ፈጥነው ይበላሻሉ። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ሁለትና ሦስት ክረምት ግቢ ውስጥ ተሸፍኖ የቆየ መኪና ሲነሣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተረግጦ ወለል ላይ መቅረቱ ስለዚህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ያለው ብልሽቱን ሸራው አልቋል ብሎ በመተርጎም ካምቢዮ ለማውረድ መቸኮሉ ላይ ነው።

ምርመራው ትርጉም እንዲኖረው ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልሰው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ከሸራው ጀርባ ሸራውን በቮላኖው ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት ክብ ላይ፣ አጥብቆ የሚይዝ ጣቶች ያሉት ክብ ሞላ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው፣ ማለትም ተሽከርካሪው የመግፊያ ቀለበት፣ የሞላውን ጣቶች ይገፋና ሸራው ይላቀቃል፤ እግር ሲነሣ ደግሞ ይኸው ሞላ ተመልሶ ፔዳሉን ወደ ቦታው ይገፋዋል። በእግርና በሞላው መካከል ያለው መልእክተኛ በአንዳንድ መኪኖች የብረት ገመድ፣ በሌሎች ደግሞ ፈሳሽ ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ከታወቁት መካከል የፎልክስዋገን ቢትል በገመድ፣ የላዳ ታክሲ ደግሞ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሪሲዮን አላቸው። በፈሳሽ በሚሠራው ሥርዓት ከፔዳሉ በላይ አንድ ፖምፓ፣ ካምቢዮው አጠገብ ደግሞ ሌላ ፖምፓ ይገኛል፤ ሁለቱ በቀጭን ቱቦ እንደተገናኙ መርፌ መውጊያ ሲሪንጆች ናቸው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይወጣል። በብዙ መኪኖች ከፔዳሉ ሥር ረዳት ሞላም ይጨመራል፤ ይህ ሞላ እግርን ለማሳረፍ ሲባል ፔዳሉ ከተወሰነ ነጥብ ካለፈ በኋላ ወደ ታች ይስበዋል። ከታች የሚመጣው ግፊት ጤናማ እስከሆነ ድረስ የረዳቱ ሞላ ጉልበት አይታወቅም፤ በፈሳሹ ውስጥ አየር ገብቶ ወይም ጎሚኒ፣ ማለትም የፖምፓው የጎማ መዝጊያ፣ አፍስሶ የመልሱ ግፊት ሲደክም ግን ያው ረዳት ፔዳሉን ወለል ላይ ይዞ ያስቀረዋል። የተጣበቀ የሚመስለው ፔዳል ብዙ ጊዜ በእውነት የተጣበቀ ሳይሆን የሚመልሰው ኃይል ያጣ ነው፤ ይህን ልዩነት መያዝ ከምርመራው ግማሹን ያህል ነው።

ፈሳሹ ራሱ ከፍሬን ዘይት የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮኑ የሚቀዳው ከፍሬኑ ማጠራቀሚያ ነው። የተለመዱት ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዓይነቶች ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አላቸው። ደረጃው እንደሚጠይቀው አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ ወደ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ የሚጠበቅበት ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል፤ ለዶት 4 ተመሳሳዮቹ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። ለቆመ መኪና ግን ከመፍላቱ ይልቅ የሚያሳስበው ዝገቱ ነው። ውሃው የፖምፓውን የውስጥ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሳይንቀሳቀስ የከረመው ጎሚኒ ደግሞ በአንድ ቦታ ደርቆ ቅርፁን ይይዛል። መኪናው ሲነሣ ጎሚኒው በዛገው ግድግዳ ላይ ሲሄድ ይቧጨርና ፈሳሹን ማሳለፍ ይጀምራል። ብዙ አምራቾች ፈሳሹ በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲለወጥ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክሩ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ጊዜ ይቆጥራል።

ምርመራው ምንም ገንዘብ ከማያስወጣው ቦታ ሊጀምር ይገባል። የወለል ምንጣፍ ተጣጥፎ ፔዳሉን አለመያዙ ከታየ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቀር በእጅ ወደ ላይ ይሳባል። ያለ ምንም ተቃውሞ ልፍስፍስ ብሎ ከመጣ ጥርጣሬው ወደ ፈሳሹ ያመዝናል፤ እየፋቀና እየተንቋቋ በግድ ከመጣ ደግሞ ነገሩ የፔዳሉ ማጠፊያ ቡሽ መድረቅ፣ የሞላ መሰበር ወይም የገመድ መዛግ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲረገጥ ፔዳሉ ጠንከር ብሎ ማርሹ በደንብ የሚገባ ከሆነ፣ አየር መኖሩን ወይም ጎሚኒ ማሳለፉን ያመለክታል። ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ የማጠራቀሚያው መጠንና ቀለም ይታያል፦ መጠኑ መጉደሉ ፈሳሹ ወደ ውጭ እየወጣ ለመሆኑ ምልክት ሲሆን፣ መጥቆሩ ደግሞ የጎማው መፈርፈርና የቆሻሻ መከማቸት ነው። መጠኑ ሳይጎድል ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ ግን የላይኛው ፖምፓ በውስጡ እያሳለፈ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ እንጂ እየጠፋ አይደለምና። ከፔዳሉ በላይ ያለው የፖምፓው ዘንግ መሸፈኛ ጎማ ሥር ርጥበት መኖሩን በጣት መዳበስም ፈጣን ምስክር ይሰጣል።

የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ውጭ የተገጠመ ከሆነ እጅግ ጠቃሚው ምርመራ በሁለት ሰው የሚደረገው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸው አንዱ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ይመለከታል። ዘንጉ ወጥቶ ፔዳሉ እንደተረገጠ ቀስ እያለ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ውጭ ላይ ፍሳሽ ከሌለ ጥፋቱ የላይኛው ፖምፓ ነው። ዘንጉ በሚገባ ወጥቶ ከቆየ በኋላ እግር ሲነሣ ሳይመለስ ቢቀር ደግሞ የአየር ማስወጫው ብሎን በጥቂቱ ይፈታል። ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ዘንጉ ወዲያው ከተመለሰ ፈሳሹ ታግዶ ነበር ማለት ነው፦ ወይ ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ እንደ አንድ አቅጣጫ በር እየሠራ ነው፣ ወይም የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ጠፍቶ በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው መመለሻ ቀዳዳ ሳይከፈት ቀርቷል። ብሎኑ ተፈትቶም ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ዓይን ወደ ራሱ ወደ ታችኛው ፖምፓ፣ ኩሽኔታውን ወደሚገፋው ሹካና ወደ ኩሽኔታው መዞር አለበት። በገመድ በሚሠራው መኪና ሥራው ይቀላል፤ ገመዱ ከሹካው በኩል ተፈትቶ በእጅ ሲሳብ ያለ ማንቀጥቀጥ መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ገመዱ ይለወጣል እንጂ ዘይት በማፍሰስ አይዘለቅም።

ጥገናውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ፈሳሹ ጠቁሮ ፖምፓዎቹ ግን ደረቅ ከሆኑ፣ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት አዲስ ፈሳሽ ገብቶ አየሩ በሚገባ ሲወጣ ብዙ ፔዳሎች ይድናሉ፤ አየር በሚወጣበት ጊዜ ፔዳሉ ራሱ ስለማይመለስ ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ በየጊዜው በእጅ መነሣት ይኖርበታል። ጎሚኒ ብቻ መለወጥ ርካሽ ቢመስልም የፖምፓው ግድግዳ በዝገት ከተቦረቦረ አዲሱ ጎሚኒም በአጭር ጊዜ ይበላልና፣ ለብዙ ዓመት በቆመ መኪና ላይ ሙሉውን ፖምፓ መለወጥ የተሻለው ውሳኔ ነው። የፍሬን ዘይት ለሚጠቀም ሥርዓት የሞተር ዘይት መጨመር ወይም ክፍሎቹን በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ የነዳጅ ዘሮች ጎማውን ስለሚያሳብጡት ትንሹ ብልሽት ወደ ፍሬኑም ሊዛመት ይችላል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይትም ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ መለየት ያለበት ሌላ ብልሽት አለ፤ እርሱም በክረምት እርጥበት ሸራው ራሱ ከቮላኖው ጋር በዝገት መጣበቁ ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ይመለሳልም፤ ማርሽ ግን አልገባ ይላል፣ ወይም ሞተሩ በማርሽ ሲነሣ ፔዳሉ ተረግጦም መኪናው ይዘላል። የፔዳል ብልሽት የሚታወቀው ከእግር በታች በሚሰማው ሲሆን የሸራ መጣበቅ የሚታወቀው በማርሹ ነውና፣ ባለቤቱ ለመካኒኩ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳቱ አላስፈላጊ መፍታትን ያስቀራል።

ካምቢዮ ማውረድ ግድ የሚሆንባቸው መኪኖችም አሉ። በአንዳንዶቹ የታችኛው ፖምፓ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ሆኖ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚገጠም፣ ጎሚኒው ሲያፈስ ፈሳሹ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ይንጠባጠባል፤ በሌሎች ደግሞ ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ግራሶው ደርቆ ይዝጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቁ ወጪ የእጅ ዋጋው በመሆኑ፣ ሸራው ያላለቀ ቢሆንም ኩሽኔታውን፣ የሹካውን ማረፊያና የሞተሩን የኋላ የዘይት ጎሚኒ አብሮ ማየት ተገቢ ነው፤ የፍሬን ዘይት የነካው ሸራ ግን ውፍረቱ ምንም ያህል ቢቀር ተመልሶ ሊገጠም አይገባም። ከጥገናው በኋላ መኪናው እንደገና የሚቆም ከሆነም፣ ግቢውን የሚጠብቀው ሰው በየሳምንቱ ፔዳሉን አሥር ጊዜ ያህል ቢረግጠው ጎሚኒው በፈሳሹ እየረጠበ ቦታውን ይለዋውጣል።