የአይሮፕላን ሞተር ጥንቃቄ ከሜዳው ይጀምራል

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በሰብልና በግጦሽ ላይ ከባድ ጉዳት ባደረሰበት ወቅት፣ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አይሮፕላኖች በየገጠሩ ሲያንዣብቡ ገበሬው ተመልክቷል። አይሮፕላኖቹ መድኃኒቱ በነፋስ እንዳይባክን ዝቅ ብለው ይበራሉ። ስለሆነም ሞተሩ በድንገት ቢቆም አብራሪው ማረፊያ የሚመርጥበት ጊዜ በሴኮንድ የሚቆጠር ነው።

ይሁን እንጂ አየር ላይ የሚታየው ብልሽት መሬት ላይ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ለዚህም በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የደረሰው አደጋ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. የታወቀው የፊልም ተዋናይ ሀሪሰን ፎርድ አንዲት አሮጌ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ይዞ ከሳንታ ሞኒካ እንደ ተነሣ ሞተሩ ኃይል አጣ። ወደ ማረፊያው ለመመለስ ከፍታው ስላልበቃው ወደ አንድ የጎልፍ ሜዳ አመራ፤ አይሮፕላኗም የዛፍ ጫፍ መትታ ወደቀች። አብራሪው ክፉኛ ቢጎዳም ሕይወቱ ተርፏል።

በምርመራው የተገኘው ምክንያት አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች። ይኸውም በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን መጥና የምታሳልፈው፣ እንደ ብሎን የምትጠብቀው ክፍል ላልታ ከቦታዋ በመውጣቷ ከመጠን ያለፈ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ገብቷል። ይህችን ክፍል በየጊዜው ስለ መመርመር የተጻፈ መመሪያ አልነበረም። በሚገባ ያልተገጠመው የትከሻ ቀበቶም ጉዳቱን አባብሶታል።

በገጠር ሜዳ ደግሞ ሌላው የሞተር ጠላት ነዳጅ ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው። ቆሞ ባደረ በርሜል አናት ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድም ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ በርሜል ተጋድሞና ተሸፍኖ መቀመጥ፣ ነዳጁም ተጣርቶ መቀዳት አለበት። ከዚህም በላይ ጠዋት ከመጀመሪያው በረራ በፊትና ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ከጋኑ ሥር ጥቂት ተቀድቶ መታየት ይኖርበታል።

በሜዳው አካባቢ የሚኖረው ገበሬም ድርሻ አለው። ከብቶችን ከመንደርደሪያው ማራቅና የነዳጅ በርሜሎችን አለመነካካት ይገባል። አይሮፕላን ቢወድቅም ለእርዳታ የሚቀርብ ሰው ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይቅረብ፤ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኩስ። መድኃኒት የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

የመስኖ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። ፓምፕ ቢቆም ውሃ ይቋረጣል፤ አይሮፕላን ላይ ግን የላላች አንዲት ብሎን የሰው ሕይወት ታስከፍላለች። ሁለቱንም የሚያድነው ሳይሰለቹ በየጊዜው መመርመር ነው።