ሽቦ አልባ የውሃ መጠን ጠቋሚ በርካሽ ዋጋ

በአዲስ አበባ በብዙ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተሰብ ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ውሃውን በሞተር እየሳበ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ሮቶ ይሞላል። ሮቶው መሙላቱን ወይም መጉደሉን ለማወቅ ግን መሰላል መውጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው ልጅ ነው። ሞተሩ ከተረሳ ደግሞ በፈረቃ የተገኘው ውሃ በከንቱ ይፈስሳል።

ይህን የጠባቂነት ሥራ ለአንድ ትንሽ ዳሳሽ መስጠት ይቻላል። በሮቶው ውስጥ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ይንጠለጠላሉ። ውሃው ተንሳፋፊውን ሲያነሳው በውስጡ ያለው ማግኔት ማብሪያውን ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ወሬውን የሚያስተላልፈው ኢ ኤስ ፒ 8266 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የዋለው ርካሽ የራዲዮ ቺፕ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ተመሳሳይ ቺፕ ወሬውን ተቀብሎ መብራት ያበራል። ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ዋናው ጥያቄ የባትሪ ድንጋይ ነው። ቺፑ ነቅቶ ሲሠራ በአማካይ 80 ሚሊ አምፔር ይወስዳል እንበል። የድንጋዩ አቅም 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ፣ ሳያቋርጥ ቢሠራ በ25 ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ እናስተኛዋለን። በየ10 ደቂቃው ለ1 ሴኮንድ ቢነቃ፣ በቀን 144 ሴኮንድ፣ ማለትም 0.04 ሰዓት ይሠራል፤ ይህም 3.2 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ተኝቶ ሳለ ከቮልቴጅ መቀነሻው ጋር 0.03 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 0.72 ይጨመራል። ድምሩ 4 ያህል ስለሚሆን፣ ያው ድንጋይ 500 ቀን ይቆያል። በተግባር ድንጋዩ በራሱ ጊዜም ስለሚደክም ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሰዓትና የዓመት ነው። ይህን ስሌት ተማሪዎች ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ቢሠሩት እንመርጣለን። የኮምፒዩተር ገመድ መሰኪያ ያለበት ሰሌዳ ግን ተጨማሪ ክፍሎቹ ቺፑ ተኝቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ ስለሚበሉ ስሌቱን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞገዱ ነው። ቺፑ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን ሞገድ ይመልሰዋል፤ ውሃም ይውጠዋል። ዳሳሹ ከሮቶው ጀርባ ከተሰቀለ ሮቶው ባዶ ሲሆን በደንብ ይሰማል፣ ሲሞላ ግን ድምፁ ይጠፋል፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው! ስለዚህ ተቀባዩ ወዳለበት አቅጣጫ በኩል ይሰቀል፤ ሙከራውም ሮቶው ሙሉ ሳለ ይደረግ።

ዝምታንም ማሰብ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ቢያልቅ ተቀባዩ የመጨረሻውን ወሬ ይዞ «ውሃ አለ» እያለ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ 30 ደቂቃ ምንም ካልሰማ ቢጫ መብራት እንዲያበራ ይታዘዝ።

ሞተሩን በራሱ እንዲያጠፋ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን የሞተሩ መስመር 220 ቮልት ነው፤ በአጠገቡም ውሃ አለ። ያንን ክፍል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። የተማሪዎቹ ሥራ በድንጋይ በሚሠራው በኩል፣ መብራቱ ላይ ያበቃል።