ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ፋይሉ ለምን አይሄድም?



የእረፍት ጊዜ ሲደርስ አንዳንዶቻችን የመጨረሻውን አሳይመንት የምንልከው ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠን ነው። ስልኩ ሙሉ ኔትወርክ ያሳያል፤ ፋይሉ ግን መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል። ሰዓቱ ካለፈ ውጤታችን ይጎዳል፤ ደጋግመን ስንሞክር ደግሞ ዳታችን ያልቃል። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ስልኩ ላይ የምናየው ምልክት የሲግናሉን ጥንካሬ እንጂ ታወሩን ስንት ሰው እንደሚጋራው አይነግረንም። አውሮፕላን አርፎ መንገደኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲከፍት የእያንዳንዳችን ድርሻ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ቲሲፒ የሚባለው የመረጃ ማጓጓዣ ደንብ ነው። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያቀረቡት ይህ ደንብ ፋይሉን በትናንሽ ፓኬቶች ከፋፍሎ ይልካል፤ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካላገኘ ደግሞ ይልካል። በ1986 ኢንተርኔት በመጨናነቅ ክፉኛ ከተዳከመ በኋላ ቫን ጃኮብሰን በ1988 መፍትሔ አሳተመ፦ ፓኬት ከጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነውና ፍጥነት ይቀነስ። ይህ ግምት ለኬብል ይስማማል። በሞባይል ግን ሲግናል ሲዋዥቅ ስልኩና ታወሩ የተበላሸውን ደግመው ይላላካሉ፤ መልሱም ይዘገያል። ቲሲፒ መዘግየቱን አንዳንዴ እንደ መጥፋት ይቆጥረዋል፤ መንገዱ ሳይጨናነቅም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የቲሲፒ ግንኙነት ከአይፒ አድራሻ ጋር የታሰረ ነው። ካምፓስ ውስጥ በዋይፋይ መላክ ጀምረን ወደ መኪና ስንወጣ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ አድራሻችን ይለወጣል፤ ግንኙነቱም ይቋረጣል። በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ኪውክ የተባለው አዲስ ደንብ ግን ለግንኙነቱ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ አድራሻ ቢቀየርም ካለበት መቀጠል ይችላል። ሆኖም ብዙ ድረ ገጾች ዛሬም የሚሠሩት በቲሲፒ ብቻ ነው።

ስለዚህ፦

• ፋይል እየተላከ ሳለ ከዋይፋይ ወደ ዳታ አንቀይር።
• የፎቶዎችን መጠን እንቀንስ፤ ትልቁን ፋይል እንከፋፍል።
• መምህሩ ከፈቀዱ እንደ ጉግል ድራይቭ ካቆመበት በሚቀጥል አገልግሎት እንላክ።
• «ተልኳል» የሚለውን ሳናይ ገጹን አንዝጋ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሻንጣ ከማንሳታችን በፊት፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ልኮ መጨረስ ነው። መልካም ጉዞ፤ ኢንሻአላህ በሰላም እንገናኝ።