ከነአኩቶ ለአብ በታች ባለች አንዲት ቤት ሁለት የምሥራች

ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ቢል የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በጋም ክረምትም ሳያቋርጥ በታች ከተቀመጡት የድንጋይ ገበታዎች ላይ ሲወርድ ይሰማል። ንጉሡ የላሊበላ የወንድም ልጅ ነበረ፤ ስሙም በግዕዝ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ዛሬ ግን ለመጻፍ የተነሣነው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን በዚያ አጠገብ ስለሚኖር አንድ ገበሬና ስለ ቤተ ሰቡ ነው። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑን አባት፣ እናት፣ ወንድምና እኅት እያልን እንተርካለን።

ልጅቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የተማረችው ላሊበላ ከተማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነው። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ትወርዳለች፤ እሑድ ደግሞ የሳምንት ስንቋን፣ ድርቆሹንና ሽሮውን፣ በጀርባዋ አዝላ ትመለሳለች። የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው ታላቅ ወንድሟ ነበረ። እርሱ የአካባቢ አስጎብኚ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ሁሉ በተስፋፋ ጊዜ የውጭ አገር እንግዳ ቀረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከላሊበላ ገባ፤ ከተማዪቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ከረመች። በዚህ ምክንያት ሁለት ቋንቋ የሚናገረው ወጣት ለቤት ሠሪ ድንጋይ እየተሸከመ የእኅቱን ኪራይ ከፈለ። ከጦርነቱም በኋላ ለብዙ ወራት የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ ልጅቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን ያጠናችው በኩራዝ ነው።

የዚያ ዓመት ፈተና እንደ ቀድሞው በየትምህርት ቤቱ አልተሰጠም። የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ እየተሰረቀ ስላስቸገረ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስደው በዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠችው ያን ጊዜ ነው። እናቷ ምን እንዳየች በጠየቀቻት ጊዜ ስለ ፈተናው አንድም ቃል ሳትናገር «እማዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ መብራት አለ» አለቻት።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንመለስ። ማክሰኞ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ወንድምየው ከአዲስ አበባ በስልክ ተጠራ። ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ እንግዶች ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀምረው ስለ ነበረ፣ ስምንት ሰዎችን ለአራት ቀን እንዲያስጎበኝ ተጠየቀ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጣለት የመጀመሪያው የሙያው ሥራ ይህ ነበረ።

ዓርብ ጥር 19 ቀን የትምህርት ሚኒስትሩ የፈተናውን ውጤት ለሕዝብ አስታወቁ። ነገሩ ያስደነግጥ ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ወንድምየው ይህን በሰማ ጊዜ ተስፋው ቀዘቀዘ። ቢሆንም ሌሊቱን ሁሉ የእኅቱን የመፈተኛ ቁጥር በስልኩ ሲጽፍና መልስ ሲያጣ፣ ዳግመኛም ሲጽፍ አነጋ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ውጤቱ ተከፈተለት፤ አልፋለች።

ከቤቱ ስልክ ነበረ፤ ነገር ግን አልደወለም። ሰባቱን ኪሎ ሜትር በጨለማ ወርዶ በገዛ አፉ ሊናገር ወደደ። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ደርሶ «እማዬ፣ የምሥራች!» አላት፤ እርሷም ገና ነገሩን ሳትጠይቅ እንደ አገሩ ልማድ «ምሥር ብላ!» አለችው። ልጅቱ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እናቷን በምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት፤ የወደቀች መስሏት እንስራውን ሳታወርድ በደጁ ላይ ቆማ ቀረች። ወንድሟ «እቴ፣ አልፈሻል» እስኪላት ድረስ አልገባችም።

በዚህ ቤት ግን እልልታ አልተሰማም። የጎረቤታቸው ልጅ ከእርሷ ጋር ተፈትኖ ውጤቱ እንዳልሞላለት ወንድምየው ተናግሮ ነበርና፣ እናቲቱ «የሰው ልጅ አዝኖ እኔ እልል አልልም» ብላ ከለከለች። እኛ ከሰማነው ነገር ሁሉ ልባችንን የነካው ይህ ነው። በማግሥቱ እሑድ፣ ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበረ። የልጁ እናት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በገዛ እግሯ ወደ ደጃቸው መጥታ የመጀመሪያውን እልልታ ያሰማችው እርሷ ሆነች። የእርሷም ልጅ ኋላ የማካካሻ ትምህርት እንዲማር ዕድል ከተሰጣቸው ተማሪዎች አንዱ ሆነ።

አባትየው በዚያ ቅዳሜ ከዐውድማው በተመለሰ ጊዜ የምሥራቹን ሰምቶ ተቀመጠና ብዙ ዝም አለ። ኋላም «ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ ብቻ ልንነቅፈው አይገባም። ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰውም ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው። ልጁን በደንብ አልብሶ፣ ስንቅና የመንገድ ገንዘብ አስይዞ ለመላክ በሬውን ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ አልታየውም። ልጅቱ «አባዬ፣ በሬው ከሚሸጥ እኔ ልቅር» አለች። ወንድሟ ግን የአራቱን ቀን የሥራ ዋጋ ከእጁ ሳይገባ ለእርሷ ቈረጠው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪው ምግቡንና ማደሪያውን ከመንግሥት ያገኝ ነበር፤ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ሲወጡም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተማረ ሰው እጅግ ይሹ ነበር። በዚያ ዘመን የኮሌጅና የሥራ የምሥራች አንድ ነበሩ ቢባል ብዙ አያሳስትም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከወጪው ድርሻውን እንዲከፍል ውል ይፈርማል፤ ሥራውንም ራሱ መፈለግ አለበት። እንግዲህ የላስታው ገበሬ «ስንት ዓመት ነው?» ብሎ መጠየቁ ስስት ሳይሆን ሒሳብ ማወቅ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምደባው ሲወጣ ልጅቱ በ2004 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ያም ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ተዘርፎ እንደገና የተደራጀ ነው። ተማሪዎቹ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ስለ ታዘዘ፣ ወንድሟ ከስምንቱ እንግዶች ባገኘው ገንዘብ እነዚህን ገዛላት። በጋሸና በኩል የሚሄደው አውቶቡስ እስኪነሣ ድረስም አብሯት ቆመ። «ጋሼ፣ ለአንተስ ምን ቀረህ?» ብላ ብትጠይቀው «ነገ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል» አላት።

እንግዳውም ለጥቂት ወራት ያህል መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአማራ ክልል ዳግመኛ ውጊያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚበረው አውሮፕላን ተቋረጠ፤ ወንድምየውም ወደ ድንጋይ ሸክሙ ተመለሰ። ከሁለቱ የምሥራች አንዱ ያን ያህል ብቻ ቆየ። በሬው ግን አልተሸጠም፤ በዚያም ክረምት ከጎረቤቱ በሬ ጋር ተጠምዶ አረሰ።